ባዶ ያልቀረው ቦታ

እናቴ ዕድሜዋን የፈጀችው ቦንጋ ውስጥ ቡና ስትለቅም ነው። ለቀማ ስል ከዛፍ ማውረዱን ማለቴ አይደለም። ከማንኪራና ከቢታ ገነት ወገን ከነገለባው ደርቆ የሚመጣው ጀንፈል በማሽን ከተፈለፈለ በኋላ፣ ሴቶች መጋዘን ውስጥ በመደዳ ይቀመጡና ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ፍሬና ጠጠሩን አንድ በአንድ እያወጡ ይጥላሉ። የጸዳው ማታ ይመዘንና በኪሎው ይታሰብላቸዋል። ሥራው ይኸው ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲቀመጡበት ግን ወገብ ይቆርጣል፣ ዓይን ይጨርሳል።

መጋዘኑ ወደ ጂማ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ሰው ከሰው አይደማመጥም፤ ቦንጋ ላይ ደግሞ ዝናብ ቀጠሮ አያውቅም። ሴቶቹ እየጮኹ ማውራት ለምደው ከሥራ ሲወጡም ይጮኻሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥም ይጮኻሉ። የኔም ድምፅ ከፍ ያለው ከዚያ ነው ይሉኛል። ቁጣዬ ቅርብ የሆነው ግን ባባቴ ወጥቼ ነው።

የእናቴ ቦታ መስኮቱ ሥር ነበር፤ ከመደዳው ሁሉ ብርሃን የሚበዛበት። ያገኘችው ከታላቅ እህቷ ነው። አክስቴ ስትታመም እናቴ ተክታት ተቀመጠች፣ አክስቴ ስትሞት እዚያው ቀረች። ቀጥሬሻለሁ ያላት የለም፣ ስምሽ ማነው ያላትም የለም። በመደዳው አሠራር ቦታ ባዶ አይቀርም። የታመመች እህቷን ትልካለች፣ የወለደች ልጇን ወይም ጎረቤቷን ትልካለች፣ ለቅሶ የተቀመጠችም እንደዚያው። የቀኑ ጆንያ የሚከፋፈለው ለመደዳው ስለሆነ፣ አንዷ ስትጎድል የሷ ክምር አጠገቧ ባሉት ላይ ይወድቃል፤ ጭነት የሚጠብቀው መኪና ደግሞ ትዕግሥት የለውም። ስለዚህ ሰው ሳትልክ የቀረች ሴት ነውረኛ ነበረች። «ቦታዋን ለዝንብ ሰጥታ» እያሉ ሲያሙባት ይከርማሉ።

እኔም ተቀምጬበታለሁ። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ወልዳ አራስ ሳለች ከትምህርት ቤት ቀርቼ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ወባ ሲጥላትም፣ አባቷ ቢታ ገነት ሞተው ለቅሶ ስትሄድም። ሰፌዷን ታቀብለኛለች። ሰፌዱ የራሷ ነው፤ ስፌቱ የጠበቀ፣ ዳሩ በቆዳ የተያዘ ነበር፣ ማንም እንዲነካባት አትወድም። ጠዋት ስገባ ካቦው፣ የለቃሚዎቹ አለቃ ማለት ነው፣ ቀና ብሎ ያየኝና ምንም ሳይናገር ያልፋል። ቦታው ሰው ካለበት የማን ልጅ እንደሆነች መጠየቅ ሥራው አልነበረም። ማታ የለቀምኩት በእናቴ ስም ይመዘናል። እኔ ከዚያ መደዳ ያተረፍኩት የወገብ ሕመምና ከትልልቅ ሴቶች አፍ የተማርኩት ስድብ ነው፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ አብረውኝ አሉ።

የመጋዘኑ ባለቤት ከመሀል አገር መጥተው ቦንጋ ላይ የከበሩ ነጋዴ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሞተን ሰው ላለመንቀፍ ብዬ አይደለም የምለው። ለፋሲካ ለእያንዳንዷ ሴት ዘይትና ስኳር ይሰጣሉ። የሞተባት ካለች ድንኳን ድረስ መጥተው ይቀመጣሉ። በር ላይ ቆመው «ቤተሰቦቼ» ሲሉ ሴቶቹ ደስ ይላቸዋል። ከቤተሰብ ጋር ደግሞ ማን ውል ይጽፋል? የዓመት ፈቃድ፣ ጡረታ፣ ስንብት የሚባል ነገር በዚያ ግቢ ተነሥቶ አያውቅም። ቢነሣም ሴቶቹ ራሳቸው የጋሼን ደግነት መካድ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። እናቴ ከሁሉም ብሳ በጋሼ ትምል ነበር።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ጋሼ ሞቱና ልጃቸው ከአዲስ አበባ መጥቶ መጋዘኑን ተረከበ። ወጣት ነው፣ ሰላምታ አይነፍግም፣ ሴቶቹን «እናቶቼ» ይላል። ግን «ሲስተም» የሚል ቃል ከአፉ አይጠፋም። ሁሉ ነገር ሲስተም ያስፈልገዋል፤ በሩ ሲስተም ያስፈልገዋል፣ ሽንት ቤቱ ሲስተም ያስፈልገዋል። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ይቀልዱበት ጀመር፤ ወጥ ያረረባት ሁሉ «ሲስተም ጠፍቶብኝ ነው» ትላለች። ቀልዱ ብዙ አልቆየም። በዚያው ዓመት የላከው አንድ ጭነት ቡና ጥቁር ፍሬ በዝቶበታል ተብሎ ደረጃው ወረደበት፣ እሱም ጥፋቱን በዕድሜ የገፉት ሴቶች ዓይን ላይ ጣለው።

እናቴ ገና አላረጀችም ነበር። ግራ ዓይኗ ላይ ግን ሞራ መጣል ጀምሮ ነበር። ለማንም አልተናገረችም። ስትለቅም አንገቷን ጠመም አድርጋ በቀኙ ታያለች፣ ለሚጠይቃት ብርድ መትቶኝ ነው ትላለች። ያ ጥቁር ፍሬ ከሷ ሰፌድ ይምጣ ከሌላ፣ የሚያውቅ ሰው የለም። ጭነቱ የመደዳው ሁሉ ነው፤ የጸዳው ቡና አንድ ላይ ከተገለበጠ በኋላ የማን እንደሆነ አይለይም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ካቦው በር ላይ አስቆማት። ከብዙ ዘመን ጀምሮ የምታውቀው፣ ወንድሜን ክርስትና ያነሣ ሰው ነው።

«እትዬ፣ እርስዎ ይረፉ እንግዲህ» አላት። «ከነገ ጀምሮ ልጅዎን ይላኩ።»

«ምነው፣ ታምሜያለሁ እንዴ?»

«አልታመሙም።»

«ታዲያ ሰው ለምን እልካለሁ?»

ካቦው መሬት መሬት እያየ «ዓይንዎ» አለና ቀሪውን ዋጠው።

ሰፌዷን በብብቷ ይዛ ቤት ስትገባ እኔ ልብስ አጥብ ነበር። ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ የምፈልግበት ጊዜ ነው፤ ቦንጋ ውስጥ ያልገባሁበት ቢሮ አልነበረም። የሆነውን ነገረችኝ። ንድድ አለኝ። እጄን ሳላደርቅ መጋዘን ሄጄ የጋሼን ልጅም ካቦውንም ልክ ልካቸውን ልነግር ተነሣሁ። እናቴ በቀሚሴ ጫፍ ይዛ አስቀመጠችኝ።

ትንሽ ቆይቼ ነገሩን በሌላ በኩል አየሁትና «ለጊዜው እኔ ልሂድልሽ፣ ቦታው አይጥፋብን» አልኳት።

«አንቺ እዚያ አትቀመጪም» አለች። ቆጣ ብላ ነው ያለችኝ። «እስከ ዛሬ የተቀመጥሽው እኔን ተክተሽ ነው። አሁን የሚሉሽ እኔን ሁኚ ነው። ያስተማርኩሽ ለዚህ አይደለም።»

ሌላ ቀን ቢሆን እከራከራት ነበር። ያን ቀን ግን የማላውቀው ነገር ፊቷ ላይ አየሁና ወደ ልብሴ ተመለስኩ።

በሳምንቱ ከቀበሌ ስብሰባ አዲስ ነገር ይዛ መጣች። ያኔ ስብሰባ በሽ ነው፤ ስለ ማዳበሪያ ተጠርተን ስለ መልካም አስተዳደር አውርተን እንመለሳለን። በዚያ ስብሰባ ላይ አንድ ካድሬ ስለ ሠራተኛ መብት ሲያስረዳ፣ ያለ ጥፋቱ ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ እንዳገልግሎቱ ዘመን የስንብት ክፍያ ያገኛል ብሎ ተናገረ። እናቴ ይህን ይዛ ነው የገባችው። በስንብቱ ገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ ይዛ ጨው፣ በርበሬና ሳሙና ልትቸረችር አሰበች። ከዓይኗ ጋር የሚሄድ ሥራ ነው። በርበሬ ከጨው ለመለየት ብዙ ማየት አያስፈልግም ብላ ራሷ ላይ ቀለደች።

የፈራችው በልጆቿ እጅ መውደቅን ነበር። አባቴ ቀደም ብሎ ሞቷል፣ የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነው፣ እኔ ሥራ የለኝም፣ ወንድሜ ገና ተማሪ ነው። እናቴ ለማንም እጇን ዘርግታ አታውቅም። «ሰው ያጎረሰኝ ጥርስ ሳላወጣ ነው፣ ከዚያ ወዲህ የለም» ትል ነበር። ስለዚህ ያ ክፍያ ለሷ ሱቅ ብቻ አልነበረም። እስክትሞት ድረስ የራሷን ጉርሻ ራሷ መጉረሷ ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ የሚባለው ቢሮ ነው። የደከማቸው አንድ ሰውዬ ተቀበሉን። ውል አለሽ? የለም። መታወቂያ ሰጥተውሻል? የለም። ደመወዝ የፈረምሽበት? እናቴ ጣቷን አሳየቻቸው፤ አሻራዋን በወረቀት ላይ ስታደርግ ኖራለች፣ ወረቀቱ ግን መጋዘን ነው ያለው። ሰውዬው ደብዳቤ ጻፉ። የመጋዘኑ መልስ ቶሎ መጣ፤ የድርጅቱ ሠራተኞች ጥበቃው፣ ሚዛን ያዡ፣ ካቦውና ጸሐፊዋ ናቸው፣ ለቃሚ ሴቶች በኪሎ ተስማምተው ሥራ የሚወስዱ ኮንትራተኞች እንጂ ሠራተኞች አይደሉም የሚል ነው።

እናቴ ሲነበብላት አላመነችም። «ኮንትራት እኮ መንገድ የሚሠራው ነው» አለችኝ ስንወጣ። «እኔ ምን ማሽን አለኝ?»

ሰውዬው ፍርድ ቤት ሂዱ ብለውን ነበርና ሄድን። በሩ ላይ በላስቲክ ዳስ ሥር ተቀምጠው በታይፕ ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁሉም ያከብራቸዋል፣ ከተማው ውስጥ በሳቸው እጅ ያላለፈ ክስ የለም ይባላል። እናቴ አጠገባቸው ተቀመጠችና ማስጻፍ ጀመረች። የሥራዋን ዘመን፣ ጋሼን፣ ካቦው ያላትን ነገረቻቸው። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ይኼን ደግሞ አጥብቀው ይጻፉልኝ» አለች። «ቦታዬን አንድ ቀን ባዶ ትቼ አላውቅም። ስታመም የባለቤቴን እህት ልኬያለሁ። ስወልድ ልጄን ልኬያለሁ። አባቴ ሲሞትም ልኬያለሁ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከታይፑ አንሥተው አዩዋት።

«ይኼማ ጥሩ ነው» አሉ። «ትጋትሽን ያሳያል። ዳኛ ይህን ሲያይ ልቡ ይራራል።»

ለብቻው አንቀጽ አድርገው ጻፉት። እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ እሷ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። ደስ አለን። ሦስታችንም ደስ አለን። ከክሱ ሁሉ እሱን ነበር የተማመንበት። ካፋ አገር ላደገ ሰው፣ ሰው ታምኖ የቆየበትን ቦታ በሐዘኑም በሕመሙም አለመጣሉ ከመሐላ በላይ ነው። ይህ ነገር ሊጎዳን ይችላል ብሎ የሚጠረጥር ሰው ከመሀከላችን ሊገኝ አይችልም ነበር።

ከብዙ ቀጠሮ በኋላ ቀኑ ደረሰ። ልመሰክር እመጣለሁ ያለችው፣ ከእናቴ ጎን የምትቀመጠው ሴት፣ አልመጣችም። የጋሼ ልጅ ያየኛል ብላ ፈራች። ብዙ ጊዜ ተቀይሜያት ኖሬያለሁ፤ አሁን ግን ልጆቿን ሳስብ እተወዋለሁ። ስለዚህ ምስክር የምሆነው እኔ ብቻ ሆንኩ።

ዳኛው ገና ከትምህርት የወጣ ልጅ እግር ነበር። እናቴን አስተርጓሚ ያስፈልግዎታል ወይ ብሎ በትሕትና ጠየቃት። ቤት ውስጥ የምናወራው በካፊኖኖ ቢሆንም አማርኛ አያቅታትም፤ መደዳው ላይ ከየአገሩ ከመጡ ሴቶች ጋር ስትጯጯህ ነው የኖረችው። አልፈልግም አለች። በራሷ አፍ ልትናገር ፈልጋ ነበር።

የመጋዘኑ ጠበቃ ከጂማ የመጣ ነው። የሚሳደብ፣ የሚያላግጥ ሰው ጠብቄ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ጨዋ ሆነብኝ፤ ከመጠየቁ በፊት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣት።

«እናቴ፣ የሚሠሩበት ሰፌድ የማን ነው?»

«የራሴ ነው።»

«መጋዘኑ ሰፌድ አይሰጥም?»

«ይሰጣል። የሱ ሰፌድ ግን የማይረባ ነው።»

ከኋላ የተቀመጡ ሰዎች ፈገግ አሉ፣ ዳኛውም ከንፈሩን ያዝ አደረገ። እናቴ ሳቁን አይታ ዘና አለች።

«እሺ እናቴ። ሲታመሙ ሥራው ይቆም ነበር?»

ይህን የሚጠይቃት ሰው ስትጠብቅ የኖረች ይመስል ቀና ብላ ቆመች።

«አይቆምም። አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም።»

«ማን ይሠራልዎት ነበር?»

«የባለቤቴ እህት ነበረች። ልጄ አለች፣ ያቻት።»

«ማንን እንደሚልኩ መጋዘኑን ያስፈቅዱ ነበር?»

«ምን ያስፈቅዳል?» አለች እናቴ። «ቦታው የኔ ነው።»

ጠበቃው እንደገና ጎንበስ ብሎ ጨርሻለሁ አለ። እናቴ ወደኔ ዞራ አየችኝ። ጥሩ የመለሰች መስሏት ነበር፤ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

የገባኝ እኔ የምስክር ቦታ ላይ ስቆም ነው። ማልኩ። ጠበቃው እናቴ ቦታ ላይ ተቀምጬ ሠርቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎን አልኩ። ማን ቀጠረሽ? ማንም። ከመጋዘኑ ስምሽን የጠየቀሽ አለ? የለም። የለቀምሽው በማን ስም ይመዘን ነበር? በእናቴ። ብትቀሪ መጋዘኑ አንቺን ይጠይቅ ነበር? እዚህ ላይ እያንዳንዱ እውነት የሆነ መልሴ እናቴን አንድ እርምጃ ከዚያ መጋዘን እያስወጣት እንደሆነ አየሁት። መዋሸት አልቻልኩም፣ ብዋሽም ክሳችን ራሱ ጽፎታል።

«አይጠይቅም» አልኩ። ከዚያ ንዴቴ መጣና ቀጠልኩ፤ «ግን ጌታዬ፣ ይኼ ንግድ አይደለም። የምትልከኝ ሥራው እንዳይጎዳ ብላ ነው።»

«የተጠየቅሽውን ብቻ» አለ ዳኛው።

«እሱን ነው የምመልሰው። ከሠራተኛም በላይ ታምና ነው እንጂ...»

«በቃሽ።» ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ የደነገጠ ይመስል ነበር። እኔም ተቀመጥኩ።

ፍርዱ የተነበበው በሌላ ቀጠሮ ነው። ሕጉ ሠራተኛ የሚለው በአሠሪው አመራር ሥር ሆኖ ራሱ የሚሠራውን ነው፤ ከሳሽ ግን በራሷ መሣሪያ፣ በራሷ ኃላፊነት፣ ባሻት ጊዜ በሌላ ሰው እያሠራች የተለቀመ ቡና የምታስረክብ እንደሆነች በክሷም በቃሏም አረጋግጣለች፤ ስለዚህ የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ነበር ለማለት አልተቻለም፣ ስንብትም አይገባትም። ቃሉን በቃሉ አላስታውሰውም፣ ሐሳቡ ግን ይኼ ነው። ዳኛው አንብቦ ሲጨርስ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ ይግባኝ ማለት ይችላሉ አለ።

እናቴ «እሺ ጌታዬ» ብላ እጅ ነሥታ ወጣች።

ጭቃ ነበር። ወደ ታች ስንወርድ ክንዴን ይዛ ቀስ እያለች ነው የምትራመደው። ገበያው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ቆመች።

«ባዶ ብተወው ኖሮ ይሻል ነበር?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ስትታመም፣ ስትወልድ፣ ለቅሶ ስትቀመጥ ልጇን ሳትልክ ዝም ብላ ቀርታ ቢሆን ኖሮ፣ ክምሩ በጎረቤት ላይ ወድቆ፣ ካቦው ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ሠራተኛ ትባል ነበር።

«ይሻል ነበር» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። እኔ ነኝ መንገዱን ሙሉ ያለቀስኩት፤ ሰው እያየኝ፣ ሳልሸፋፈን።

ይግባኝ እንበል ብዬ ለመንኳት፣ ሽማግሌው ማመልከቻ ጸሐፊም ቤታችን ድረስ መጥተው በነጻ እጽፋለሁ አሉ። ያን አንቀጽ በማስገባታቸው ራሳቸውን ይወቅሱ ነበር። እናቴ አመስግና ሸኘቻቸው። «የተማረ ሰው ነው አይቶ የፈረደው» አለች።

ወሬው መደዳው ላይ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ሰው መላክ ፈሩ። አንዷ ወልዳ ቦታዋን ባዶ ተወችው፣ ክምሯ ላጠገቧ ሴቶች ተረፈ፣ ተጣሉ። ሌላዋ ለቅሶ ሄዳ ስትመለስ ቦታዋ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘች። ይህ የጋሼን ልጅ ለሲስተሙ አመቸው፤ ጠዋት በር ላይ ቀድማ የደረሰችውን ማስገባት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የማንም ቦታ የሚባል ነገር ቀረ።

እኔ ሥራ አገኘሁ። አንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ገባሁ፤ የሰው ፋይል መክፈት፣ ፈቃድ መመዝገብ፣ ስንብት ማስላት። ይህ እንጀራዬ መሆኑ አንዳንዴ ያስቀኛል፣ ብዙ ጊዜ ግን ያናድደኛል። ከጥቂት ዓመት በኋላ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የሚባል ሕግ መጣ፣ አሠሪ ሁሉ ሠራተኞቹን አስመዝግብ ተባለ። መጋዘኑም አስመዘገበ፤ ጥበቃውን፣ ሚዛን ያዡን፣ ካቦውንና ጸሐፊዋን። አንድ ሥልጠና ላይ ደግሞ በሌላ አገር አሠሪዎች ሥራ ለሚያጣ ሰው የሚሆን መድን ይከፍላሉ፣ ሰውየው ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ከዚያ እየተቆረጠ ይሰጠዋል ሲሉን እጄን አወጣሁ። ሠራተኛ ነው አይደለም ተብሎ ክርክር ቢነሣስ ብዬ ጠየቅሁ። አሠልጣኙ እዚያም የሚያጨቃጭቀው እሱ ነው አለኝ። አላጽናናኝም።

እናቴ ከኔ ጋር ትኖር ነበር። ደመወዜን ስቀበል ሱቁን ልክፈትልሽ ብላት እምቢ አለች። ዓይኗን ጂማ ወስጄ ላሳክም ብላትም ይቆይ አለች፣ ይቆይ እንዳለች ጊዜው አልፎ ቀኙም ዓይኗ ደበዘዘ። ከማዕዱ ትንሽ ብቻ ቀምሳ እጇን ትሰበስባለች። ብይ ስላት «በላሁ» ትለኛለች። እንግዳ ቤት እንደምትበላ ነበር የምትበላው፤ በገዛ ልጇ ቤት። ይህን ማየት አንጀቴን ይበላው ነበር፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ተናድጄ እጮህባትና መልሼ ይቅርታ እላታለሁ።

አንድ ቀን ቀበሌ መታወቂያ ልናሳድስላት ሄድን። ጸሐፊው ትሑት ልጅ ነው፤ ወንበር ሰጣት። ስም ጠየቀ፣ የትውልድ ቦታ ጠየቀ፣ ሁሉንም ራሷ መለሰች።

«ሥራ?» አለ።

«ቡና መጋዘን ሠራተኛ ነበረች በል» አልኩት እኔ።

እናቴ ክንዴን በእጇ ፈልጋ ያዘችኝ። «ተይ» አለች። «አልነበርኩም።»

«እማዬ፣ ምን ማለትሽ ነው?»

«ሰው እንዳታሳስቺ። ፍርድ ቤት አይቶታል።» ድምጿ ውስጥ ምሬት ፈለግሁ፤ አልነበረም። ወደ ልጁ ዞራ «እኔ ሥራ ኖሮኝ አያውቅም፣ የኔ ልጅ» አለችው። «ዝም ብለህ ጻፍ።»

ልጁ ግራ ገብቶት አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየና «የቤት እመቤት» ብሎ ጻፈ። ክርክሩን መሸነፋችንን ከዚያ በፊትም አውቅ ነበር። እናቴ እንዳመነቻቸው ያወቅሁት ግን ያን ቀን ነው።